ሒሳብ

ሰላሳ ሁለት ዓመት፣ በገመድ ጎትቶ፣
ሰው ሲያወጣ ኖረ፣ ከወደብ አንስቶ
እስከ ኮረብታው ጫፍ፤
የቫልፓራይሶን ሰው፣ ከነዘንቢሉ፣ ከነሐሜቱ።
ዛሬ ቆሟል አሳንሰሩ፤ ዝጓል ብረቱ።
ኤለውቴሪዮ ጡረታ ወጥቷል፤ የቀረው ጭነት
አንዲት ውሻ ናት።

ካኔላ ይላታል፣ ቀረፋ እንደማለት፤
ቀረፋው ግን ነጣ፣ ዓይኗን ጉም ጋረዳት፣
ልቧ ውሃ ቋጥሮ፣ ሌሊት ሳል ያንቃታል።
ክኒኗን በዓሣ ጉበት ጠቅልሎ ያጎርሳታል፤
ጉበቱን ትውጥና፣
ክኒኑን ከጫማው አጠገብ፣ ሳይረጥብ፣ ታስቀምጣለች።
“አንቺ ሌባ!” ይላል። እንደገና ይጠቀልላል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጨርቋ ርሶ ሲያገኘው፣
አይቆጣም። እሱንም ያነቃው
ያው ጉዳይ ነው።

ጎረቤቱ ኦብዱሊያ፣ ትናንት ባጥሩ ላይ፣
“መርፌ አለ እኮ፤ ለምን ትሠቃይ?”
ብላ ጠየቀችው።
ባሕሩን ሲያይ ቆየ።
“ዛሬ በልታለች” አላት።

ማታ፣ እንደ ሕፃን አዝሏት፣ ዘጠና አራት ደረጃ፣
ሦስቴ አርፎ፣
ሁለቱም እያለከለኩ፣
ጫፍ ሲደርስ አወረዳት፤
እጁን ዘረጋና፣ እንደ ጥንቱ፣
“ሒሳብ!” አላት።

መዳፉን ላሰችው።
ገና ጉበት ጉበት ይሸታል።