እኩል

አባቴ ፕራይመስ፣ ከኮምባሂ ወንዝ ዳር፣
ጭቃ እየረገጠ ያደገ፣ በሰው አገር እንደ ግዑዝ ነገር፣
ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጡብ ሲያገላብጥ በፀሐይ፣
አውራ ጣቱ ሰጥማ ቀረች ካልደረቀው ላይ።
አለቃው አላየም። እሳቱም አላየም።
ሸክላው አፍ አውጥቶ ማን እንደነካው አልተናገረም።
ጡቧ ከነጣቷ ግንብ ውስጥ ገባች፤
ፍርድ ቤት ሲሠራ ከደጁ በስተግራ ቆመች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ደቡብ በአራት ዓመት እንደ ገለባ ነደደ፤
ሐዲዱ በእሳት ግሎ ከጥድ ግንድ ላይ እንደ ክር ተገመደ፤
የሩዙ ግድብ ፈርሶ ጨው ውሃ እርሻው ገባ፤
ከፍርድ ቤቱም የተረፈው የጡብ ክምር ነበር፣ የአመድ ካባ።
እኔ በዚያው ጸደይ ተወለድሁ፤
ከቤታችን ሰው ሁሉ ዋጋ ያልወጣልኝ የመጀመሪያዋ እኔ ነበርሁ።

የከተማው ሹም «ጡብ የሚያውቅ!» ብሎ አስጠራ፤
አባቴ ሄደ፣ በዕድሜው መጀመሪያ፣ በደመወዝ ሊሠራ።
አሮጌውን ጡብ ከአመዱ ፈልፍሎ፣ ኖራውን በመዶሻ ሲመታ፣
አንድ ማለዳ እጁ ድንገት ተገታ።
ትንሽ ጉድጓድ። የልጅ ጣት የምታህል።
ሞከራት፤ ጣቱ አልገባም፣ አድጓል በሥራ፣ በበደል።
አልሸሸጋትም። ከደጁ በስተቀኝ፣ በሰው ቁመት ልክ፣
መልሶ ገነባት፣ ጉድጓዷን ወደ ውጭ አዙሮ፣ እንደ ሰው መልክ።

በዚያ ቤት ነው ድምጹን የሰጠው፣ ኮት ተውሶ፣ ጫማውን በስብ ወልውሎ፤
ሠላሳ ዓመት በጌታው ፊት ያላሰማውን ድምጽ ሳጥን ውስጥ ጥሎ።
በዚያ ዘመን፣ ትናንት በሐራጅ የተሸጠ
በግዛቱ ምክር ቤት ሕግ ሊያወጣ ተቀመጠ።
ትምህርት ቤት ይከፈት ተባለ፣ ለሁሉም ልጅ፣ ከግብር በተዋጣ፤
ለእኔም ከጥጥ መጋዘን ግድግዳ ላይ ፊደል እንደ ፀሐይ ወጣ።

«እኩል ናችሁ» አሉን። እውነትም እኩል ሆንን፤
መሬቱ የጌታው፣ ላቡ የእኛ፣ የእኩል አራሽ ተባልን።
እኩሉ ለባለ መሬት፣
እኩሉ ለሱቁ ዕዳ፣ ለበቅሎው፣ ለጨው፣ ለመድኃኒት።
«የእኛስ የቱ ነው?» ብዬ አባቴን ጠየቅሁት።
«መስቀሏ» አለኝ። በውሉ ግርጌ፣ በስሙ ፈንታ፣ ብዕር አስይዘው ያስሰመሩት።

በምርጫው ዋዜማ፣ ቀይ ሸሚዝ የለበሱ ፈረሰኞች ደጃችን አደሩ፤
በጸደዩ የሰሜን ወታደሮች ድንኳናቸውን ነቅለው ተሻገሩ።
ወንድሜ ሬንቲ አንድ አሳማ ነዳህ ተባለ፤
አባቴ በሠራው ቤት ዳኛው መዶሻውን መታ፣ «ሰባት ዓመት» አለ።
ለባቡር ኩባንያ በወር በሦስት ዶላር አከራዩት፤
ጦርነቱ ያጎበጠውን መንገድ በእግር ብረት ሲያቃና፣ ከረግረጉ ዳር ቀበሩት።
አዲስ ሐዲድ ተዘረጋ። ደቡብ ታደሰ ብሎ ጋዜጣው ጻፈ።
ተሳፍሬበት አላውቅም። እያፏጨ ግን ስንቴ በደጄ አለፈ።

ኋላ ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ፤ ማንበብ የማይችል አይመርጥም።
እኔ አነብባለሁ፤ ግን ሴት ነኝ፣ ስሜ አይጠራም።
አባቴ፣ እንደ ወንዛችን ዛፎች ሽበቱ ከአገጩ ተንጠልጥሎ፣
ከጸሐፊው ፊት ቀረበ፣ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ውሎ።
«አንብብ» አለው ጸሐፊው፣ ሕጉን ወደ እሱ ገፍቶ።
አባቴ አልመለሰም፤ በዝግታ ወጣ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ።
ከደጁ በስተቀኝ ቆመ። ትንሿን ጉድጓድ ዳሰሳት።
«ይቺን አነብባለሁ» አለ፣ «ስምንት ዓመቴ ናት።»

ከዚያ ወዲህ አልተናገረም ስለ ምርጫ።
በሞተ ጊዜ ኪሱ ውስጥ ያገኘሁት የኖራ ፍርፋሪ ነው፣ አንድ ቁንጫ።

አሁን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ልጆቹን በዚያ ደጅ አስቆማለሁ፤
«ጣታችሁን አስገቡ» እላለሁ።
ትልልቆቹ አይገባላቸውም፤ ይስቃሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ከዓመት ዓመት።
ትንሹ ብቻ፣ ስምንት የሞላው፣ ልክክ ይላል፤
እኩል ይሆናል፣
ለጥቂት ወራት።