ጠባብ ጫማ

አዳማ ናዝሬት በምትባልበት ዘመን
ፊልም በባቡር ነበር የሚመጣልን፣
ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ፣ ከብርቱካን ሳጥን መሃል፤
ክዳኑን ስከፍት ታሪኩ ሁሉ ብርቱካን ብርቱካን ይላል።
እኔ የሲኒማው የማሽን ልጅ ነኝ፤ ከላይ፣ ከዚያች ጠባብ ክፍል፣
የካርቦን ዘንግ እያቃጠልኩ ለሰው ብርሃን የማድል።

አንቺን በዚያ አወቅኩሽ፣ የውብዳር፤
ከትከሻዬ በላይ ብርሃን ሆነሽ ስታልፊ ነበር።
ሕዝቡ ፊትሽን ያያል፤ እኔ ጨረሩን አያለሁ፣
የሲጋራ ጭስና ያገሬን አቧራ ባንቺ ውስጥ እቆጥራለሁ።

ጓንትሽ እስከ ክርን፣ ፀጉርሽ እንደ ዘውድ ተቆልሎ፤
የከተማው ኮረዳ ቅንድቧን ላጭታ ባንቺ ልክ በእርሳስ ስትስል፣
ጋሪ ነጂው ቱፋ ባዝራውን «የውብዳር» ብሎ
(ሲገርፋት ግን «አንቺ!» ነው የሚላት፣ ስምሽን አክብሮ)።

ሦስት ፊልም ብቻ ነው የሠራሽ። በሦስተኛው፣ መዝጊያው ላይ፣
ሰውየው በጥቁር መኪና ሲሄድ፣ አንቺ ከደረጃው በላይ
ቆመሽ፣ አንዲት እንባ፣ ሳትቸኩል፣ በጉንጭሽ ወረደች።
ናዝሬት አለቀሰች።
ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ በጭነት መኪና የመጡት ሠራተኞች
ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ።

ከዚያ ዘመን ዞረ። ሁለት ሰዎች መቀስ ይዘው መጡ፤
«ጓንቱን ቁረጥ፣ ይህን የቅምጥል እንባ ቁረጥ» ብለው ከጎኔ ተቀመጡ።
ቆረጥኩ።
መጣሉን ግን እጄ እምቢ አለ፤
ያ እንባሽ ክብሪት ቀፎ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

ትናንት በባጃጅ መጣሁ፣ ከአሮጌው ጣቢያ ጀርባ፣ ደጅሽ ድረስ።
እግርሽን ለብ ባለ የጨው ውሃ ዘፍዝፈሽ አገኘሁሽ፤
ቁራጯን ወደ መስኮቱ አንስተሽ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ
ከጥፍርሽ የምታንሰውን ሴት አየሻት። ሳቅ አመለጠሽ።

«ጫማው እኮ ነው! የዳይሬክተሩ ሚስት ጫማ፤
በሁለት ቁጥር ጠቦኝ። ስድስት ጊዜ አስቁመውኝ
በስድስተኛው ጣቴ ደማ።»

እኔ አልሳቅኩም።
በሳምንት አራት ምሽት፣ የጋለውን ማሽን ተደግፌ፣
ከዚያች እንባ ጋር ያለቀስኩ ሰው ነኝ።
ምን ልበል? ዝቅ ብዬ ሳፋውን አየሁ።

ትንሿ ጣትሽ ከጎረቤቷ ሥር ተጣማ ገብታለች፣
ሰው እንዳያያት እንደተደበቀች።

ፊልሙ ከጉልበትሽ በታች አያሳይም ነበር።