ኖራ

ሜትሬን ዘረጋሁ ከምዕራቡ በር ጫፍ፣
ስፋት፣ ቁመት፣ ውፍረት በደብተሬ ልጽፍ።
ከቀሐ ወንዝ ማዶ፣ ጥዶቹ ያቀፏት፣
ክብ ናት፤ የምለካው አንድም ማዕዘን የላት።
መሥሪያ ቤት ነው የላከኝ ስንጥቋን ላጠና፤
ሰሜን ግድግዳዋ እጅ ያስገባልና።

ጫማዬን አውልቄ መድረኩን ስሻገር፣
ጉበኑ ግንባሬን — ዝቅ ማለት ነበር።
ቁመቱን ለካሁና «አጭር ነው» ብዬ ጻፍሁ፤
ሠሪው አውቆ እንደሆን ኋላ ነው ያወቅሁ።

ጣሪያዋ ሣር ነበር፣ ዛሬ ቆርቆሮ ነው፤
ዝናብ ሲመታበት ቅዳሴን የሚውጠው።
ጉልላቱ ላይ ካሉት የሰጎን እንቁላሎች
ሁለቱ ተሰብረዋል፤ ጻፍሁ፦ «ጉዳቶች»።
መልአኩ ከሸራው አንድ ዓይኑ ታጥቦበት፣
በቀረው ያየኛል፤
ደብተሬን ደበቅሁበት።

ውጭ ቁጭ ብሎ ነበር አዛናው ግንበኛ፣
የጋዜጣ ቆብ የደፋ፣ የአዘዞ ነገረኛ።
ከስንጥቋ ቆንጥሮ፣ በምላሱ ቀምሶ፣
«ሲሚንቶ!» ብሎ ተፋ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ተመልሶ፦

«ነጋዴ ነው፣ ደግ ሰው፤ ልጁ ድኖለት
አርባ ከረጢት አስገባ፣ የሲሚንቶ ስለት።
ማን ስለት ይመልሳል? አባቴ ለጠፈው፤
ውኃ ያቀበለውም ይኸው፣ ይህ እጅ ነው።
ሲሚንቶ ደንዳና ነው፤ ደፈነው አፏን፣
በጋ እንዳትተፋ የክረምት ውኃዋን።
ግንብ ይተነፍሳል። ላብ አለው እንደ ሰው።
ላቡን ብትከለክይው ከውስጥ ነው የሚፈርሰው።»

ጉድጓድ ቆፈርንና፣ የተቃጠለው ድንጋይ
ውኃ ሲነካው ፈላ፣ ምንም እሳት ሳናይ።
«ሦስት ወር ይተኛል» አለ። ሦስት ወር? «በጀቴ
ሰኔ ሠላሳ ያልቃል!» አልሁት በጭንቀቴ።
ሳቀ። «እሷ ሰኔን ስንቴ ያለፈች መሰለሽ?
ኖራ ካልበረደ ይላጣል መዳፍሽ።»

ቅጹ ላይ «ዕድሜዋ» የሚል መስመር ነበር፤
መሪጌታ አስረስ አሉኝ፦ «ምን ያደርጋል ቁጥር?
ምን አቆማት ሲሉሽ፣ ስንት ዘመን ሲሉሽ፣
ለሁለቱም "ኖራ" በዪ፤ አንድ ቃል ይብቃሽ።»
ቁልፋቸውን አንጠልጥለው ወደ ጥላው ሄዱ።
እኔ መስመሩን ባዶ ተውሁት።

መስከረም ተመለስሁ። በጀቱ አልተራዘመም፤
አዛናው ግን አለ፣ ደመወዝ የለው፣ ምንም።
አባቱ የለጠፈውን ይልጣል በመሮ፣
ጨርቅ ከቁስል እንደሚያነሣ፣ አንገቱን አቀርቅሮ።
ጠጄ በወንፊቷ አሸዋ ስትነፋ፣
«ያለቀው ብር ነው» አለች፣ «ወንዙ መቼ ጠፋ?»

ጆሮዬን ከሰሜኑ ግድግዳ ላይ አኖርሁ፤
እርጥብ ነው፣ ይሸታል፤ ምንም አልለካሁ።
ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነው። አዛናው አላየኝም።
ስወጣ ዝቅ አልሁ፤
ማንም አልነገረኝም።