የካርታው ግማሽ

ወንበሬን አኖሩት ከገበታው መሐል፣
ግራዬ ግሪክ ነው፣ ቱርክ በቀኜ ውሏል።
እኔ ማሮናይት፣ ከሰሜን ዳር መንደር፤
«ወይ ግሪክ ወይ ቱርክ በል» ተብሎ ሲቆጠር፣
አባቴ ግሪክ ላይ ምልክቱን አኖረ፤
እቤት ገብቶ ግና ባረብኛ አማረረ።

ሠላሳ ዓመት ሆነኝ ሁለት ቃል ስገለብጥ፣
ከዚህ አፍ ተቀብዬ ለዚያ ጆሮ ስሰጥ፦
አንዱ ፌዴሬሽን፣ አንዱ መከፋፈል፤
«ጣራው ግን አንድ ይሁን!» «ጣራውም ይከፈል!»
ፌዴሬሽን ያልኩት በግሪክ ጆሮ ዘልቆ፣
ክፍፍል ይመስላል፣ ጭንብሉን አጥልቆ፤
ወደ ቱርኩ ሳዞር፣ ያው ቃል ተገልብጦ፣
ሊውጠው ይመጣል፣ ዓሣ ሆኖ፣ አፍጥጦ።
በቱርክኛ ክፍፍል «ታክሲም» ነው ሲነገር፤
«ታክሲዬ» ማለትም ነው፣ ሌላ ሰው የማይሳፈር።

ጎማው የተነፈሰ አውሮፕላን ካለበት፣
ሣር አስፋልት ፈልቅቆ ጉልበት ከደረሰበት፣
የማንም ባልሆነ በዚያ አየር ማረፊያ ቤት፣
ሰኞ እንገናኛለን፣ ሐሙስ እንለያያለን፤
ያው ቃል፣ ያው ጠርሙስ፣ ያው ሰዓት።

አንድ ሐሙስ፣ በኅዳር፣
«ሥልጣን በፈረቃ» በሚል አንቀጽ ሳሉ፣
ምንጣፉ ረጠበ፤ «ምንድነው?» ተባባሉ።
ሽታው ቀድሞ ገባ፣ ውሃው ተከተለ፤
የሽንት ቤቱ ቧንቧ ተዘግቶ ገነፈለ።
ዲፕሎማቱ ሁሉ እግሩን አነሣና
ሰነዱን ታቀፈ፤ ጫማው ቀረ መና።

ከተማው ለሁለት ከተቆረጠ ወዲህ
ካርታውም ተቆርጧል፤ እኩሌታው እዚህ፣
እኩሌታው እዚያ። ስለዚህ ጥሪ ሄደ፤
ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ወረደ፦
ከደቡብ ኔኦፊቶስ፣ ሞተሩን እያስጓራ፣
ከሰሜን ፊክሬት መጣ፣ ባትሪውን እያበራ።
ከብብታቸው ስበው ወረቀት ዘረጉ፤
ጠርዝ ከጠርዝ ሲገጥም፣ በጣት እየወጉ፣
ሰማያዊዋን መስመር ተከተሏት ወርደው፤
ያለ ፓስፖርት ፍተሻ ሰሜን የምትገባው
እሷ ብቻ ናት።

ደስ አለኝ፤ ምሳሌ ያገኘሁ መሰለኝ፤
«እነሆ ፌዴሬሽን!» ማለትም አማረኝ።
ኔኦፊቶስ ቀና አለ፣ ክንዱ ጭቃ ለብሶ፦
«ወንድሜ፣ በዚያ ሐምሌ፣ በዚያ ሐሩር፣
ለዳቦ እንደወጣ ነው።
አጥንቱን ያልሰጠኝ ሰው፣ በጣራዬ ሥር አልፈልገው።
እኔ በግንቡ አምናለሁ፤ ግንብ ሲኖር እተኛለሁ።
ቧንቧ ሌላ ነገር ነው፤ ቧንቧ ከሆነ እመጣለሁ።»

ፊክሬት አልተቆጣም፤ ብሎኑን እያላላ፦
«የኔም ቤት ነዷል፤ የሠፈርህ ልጅ ነው የለኮሰው፤
ግን ግንብ ያስተኛል ካልክማ፣ መቃብርም ያስተኛል ሰው።»
በግሪክኛ ነው ያለው፣ ምላሱ እየሰመረ፤
ያለኔ፣ ያላበል፤ ሥራዬ ከሰረ።

አልተስማሙም። ቁልፉን ግን ሲያቀብለው ተቀበለ፤
ትከሻ ለትከሻ፣ የብረት ክዳን ተፈነቀለ፤
ሥር ነው የወጣው፣ ጠጉራም፣ እንደ ጭራ፤
እንግሊዝ ለጥላ የተከለው፣ የባሕር ዛፍ አደራ።
ሁለቱም ተያዩ፤ ስለሱ ማንም አላወራ።

ውሃው ጉርርር ብሎ ወረደ ቁልቁል፤
ሕጉ ቁልቁለት ነው፣ አያሻው ማኅተም፣ ውል።
ጸሐፊው መዝገብ ገልጦ፦ «ጠጋኙ ማን ይባል?
የማን ስም ይቀድማል?»
ሁለት ሰዓት አለፈ፤
ለሰኞ ቀጠሩት፤ ቦታው ባዶ ተጻፈ።

ሽማግሌዎቹ ግን
እጃቸውን ታጥበው፣ ካርታ ጠቅልለው ሄዱ፤
እኔ ብቻ አየሁ የቱን እንደወሰዱ።
የሰሜኑ ግማሽ በኔኦፊቶስ ብብት፣
የደቡቡ ግማሽ ከፊክሬት ኮት ሥር፣ ከደረት።
ተሳስተው ይሆናል፤ ባትሪው ደክሞ ነበር፤
ዓይናቸውም እንደዚያው።

አልጠራኋቸውም።
አስተርጓሚ ነኝ እኔ፤
ያልተባለን ነገር አልተረጉምም።