ሦስት ሴኮንድ

በመጀመሪያው ዓመት የተማርነው ነገር
የብክነት ዓይነቱ ሰባት መሆኑ ነበር፤
መጠበቅ፣ መመላለስ፣ ያለቅጥ መከመር፣
ሥራ የፈታ እጅ ባየር ላይ ሲዞር።
ፕሮፌሰር ኪቴሪያ ሰባቱን ዘርዝራ
ሥራቸው ታሰምራለች ጠመኔ ሰባብራ።
«ያልተለካ ነገር» ትለን ነበረ፣
«ማን አሻሽሎት ያውቃል? እንደ ድሮው ኖረ።»

በአራተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ በዝናቡ፣
ከአቬይሮ ተነሥቼ፣ ጨው ከሚዛቅበት ወደቡ፣
ባውቶቡስ ወጣሁኝ ወደ ቡሽ ፋብሪካ
በሷ የድሮ ሰዓት የሰው እጅ ልለካ።

የተቀቀለ ልጥ፣ የረጠበ ዛፍ፣ ይሸታል ከሩቁ፤
ቡናማ አቧራ ነው ሰዎቹ ቅንድብ ላይ የሚያጠልቁ።
ሴኞር ቫልዴማር እስክርቢቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ
«መራጮቹ እነዚህ» አለኝ በጣቱ አሳይቶ፤
«ዐሥራ አንድ ሴቶች ናቸው፣ ስምንት ይበቁናል፤
ማን እንደሚተርፍ ያንቺ ጥናት ይለናል።»

ከኤርሜሊንዳ ጀመርኩ። ስድሳ ሁለት ዓመቷ።
ቡሽ ይለይ ነበረ ዓይኗን ቀድሞ ጣቷ፤
ይሄ ለወይን ጠጅ፣ ይሄ ለማገዶ፣
ወደየቅርጫቱ ይበራል ተፈርዶ።
አንድ ቡሽ፦ አንድ ሴኮንድ ከሁለት ዐሥረኛ።
ደግሞ አንድ። ደግሞ አንድ። እኔ ጸሐፊ፣ እሷ ዳኛ።
ከዚያ በየአርባው ቡሽ እጇ ይቆምና
ሦስት ሴኮንድ ያልፋል፤ ትቀጥላለች እንደገና።
ወረቀቴ ላይ ጻፍኩ፦ «ምክንያቱ ያልታወቀ።»
በየአርባው ጻፍኩት፤ ዓምዱ ተጨናነቀ።
በቀን ስንት ይሆናል? በዓመትስ? አሰላሁ፤
ሌባ እንደያዘ ሰው ለብቻዬ ፈገግ አልሁ።

ማታ በኪራይ ክፍሌ፣ ዝናብ መስኮት ሲያንኳኳ፣
ቪዲዮውን አየሁት ቀስ አድርጌ፤ ለካ
እጇ ቆሞ አያውቅም። ከጠረጴዛው ሥር፣
ከካሜራዬ ጥግ፣ ከጥላው ድንበር፣
ግራ እጇ እፍኝ ቡሽ፣ የለየችውን፣ ይዞ
ይደርሳል ከዙልሚራ ቅርጫት ተጉዞ።
ዙልሚራ ጎረቤቷ፤ ጣቶቿ የሚንቀጠቀጡ፣
ቡሾቿ ከመዳፍ ወደ ወለል የሚያመልጡ።
በኔ ሠንጠረዥ ግን፣ ቀን ላይ በጻፍኩት፣
ዙልሚራ «አማካይ» ነች፤ ራሴ ነኝ ያልኩት።

በነጋታው ምሳ ላይ፣ ሳርዲን ስትበላ፣ ቀረብኩ፤
«ዶና ኤርሜሊንዳ፣ ግራ እጅዎን...» አልኩ፤ አፈርኩ።
አጥንቱን ከጥርሷ አወጣች በርጋታ፤
ቀና ብላ አላየችኝ። አለች ቆየት ብላ፣ ለሰስታ፦
«ዓይኔን ያሳከምኩ ጊዜ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣
ቅርጫትሽ ጎደለ መቼ አሉኝ? መቼ አሉ?»
ሌላ አልተናገረች። ዳቦዋን ቆረሰች፣
ግማሹን በወረቀት ከፊቴ አስቀመጠች።

በመማሪያችን ውስጥ አንዲት ቃል አለች፣ «አበል»፦
ለድካም፣ ለሽንት ቤት፣ ሰው ለመሆን ያህል፤
«ለማይቀር መዘግየት» የሚልም አለ መደብ፣
ከገጹ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚነበብ።
ሦስቷን ሴኮንድ ወስጄ እዚያ ውስጥ ከተትኩ፤
«ዐሥራ አንዱም ያስፈልጋሉ» ብዬ ደመደምኩ።
ውሸት ነው? ቁጥሩ ልክ ነው። ስሙ ነው ያልተነገረ።
ይህን ሳገላብጥ ሌሊቱ አጠረ።

ሰኔ ላይ፣ በፈተናው፣ ጣቷን አሳርፋ፣
«ይቺ ስድስት ከሩብ በመቶ» አለች ኪቴሪያ፣ ድምጿን አኮስሳ፣ አጥፋ፣
«ከየት መጣች?»
                    «የማይቀር ነው።»
                                        «ለምን አይቀርም?» አለች።
መልሷ እስከ ከንፈሬ መጥታ ተመለሰች።
ከሃያው ዐሥራ ሦስት ጻፈችልኝ በቀይ፤
ከጎኑ የጥያቄ ምልክት፣ የሚታይ የማይታይ።

ሴኞር ቫልዴማር ጥናቴን ያንብበው አያንብበው
አላውቅም፤ መስከረም ላይ ስልክ ብደውልለው
«ዘጠኝ ሴቶች ናቸው» አለኝ። ማንነታቸውን
አልጠየቅኩም። እሱም አልነገረኝ ስማቸውን።
የፕሮፌሰሯ ሰዓት ሳይመለስ ቀርቷል፤
መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ አርባ ሰባት ላይ ቆሟል።