ጥላዬ እና ዝናቡ

ቤርገን የገባሁ ለት፣ ዝናቡ ከላይ አይደለም፣ ከጎን ነው የመጣ፤
እንደ ነገረኛ ዘመድ፣ ሳይጠሩት የሚገባ፣ ሸኝተውት የማይወጣ።
አንተነህ ሻንጣዬን ተሸክሞ፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ፣
ደረጃውን ቆጠርኩ፦ ሃምሳ አራት። ስፈራ እቆጥራለሁ፤
የሒሳብ መምህር ነበርኩ፤ ዐመሌን ከየት አባቴ እጥለዋለሁ?

ባሌ ነው። በስልክ ሁለት ዓመት፣ በአካል አርባ ቀን።
ስልክ ግን አልነገረኝም
ሲያስነጥስ ሦስት ጊዜ መሆኑን፣
እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ መጣሉን፣
ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ፣ እንዳልነቃበት ብሎ፣
ጫማውን ደረጃው ላይ አውልቆ በካልሲ መግባቱን።

በጥቅምት አባቴን ቀበርኩ፤ በጥር ተዳርኩ፤
በሚያዝያ ጠመኔዬን አስረክቤ፣ በግንቦት በረርኩ።
የዕድሩን ድንኳን በአንድ ዓመት ሁለቴ ተበደርኩ፤
ዕቃ ቤት ጠባቂው «ደግሞ አሁን ለምን?» ቢለኝ
«ለደስታ ነው» ልል አፌን ከፍቼ አለቀስኩ።
መዝገቡ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ እንጃ።

መዘጋጃ ቤት፣ ቅጽ የምትሞላው ሴትዮ
«የቤተሰብ ስም?» አለች ቀና ብላ።
የለንም አልኳት። እኛ ዘንድ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣
የአባቱ ከኋላ ይቆማል፣
እንደ ዘበኛ።
«እንግዲያው እሱ ነው» ብላ መታችው በቁልፉ፤
ማስተዋል ወደ ኋላ፣ ጥላዬ ወደ ፊት ሆነ በሰልፉ።

ከዚያ ወዲህ በየደረስኩበት የሚጠራው እሱ ነው።
ጥርስ ሐኪሙ ጋ፣ ባንኩ ጋ፣ ቋንቋ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ፣
«ጥላዬ!» ሲሉ ዞሬ በሩን አያለሁ፤
የፍኖተ ሰላሙ ልብስ ሰፊ፣
ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ፣
«አቤት» እያለ የሚገባ ይመስለኛል።
የሚገባው ሰው ሲጠፋ
«አቤት» እላለሁ እኔው፤
ከአባቴ ቤት ባልወርስ፣ ወረስኩ ወረፋ።

ታች፣ የፖስታ ሣጥናችን ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ዝናቡ፣
የአንተነህ አባት። ልጃቸው ሳይድህ በወባ የሞቱ፣
ፎቶ እንኳ ያልተረፋቸው።
ፖስተኛው ደብዳቤዬን አይቶ፣ ሣጥኑን አይቶ፣
«በዚህ አድራሻ የለችም» ብሎ መለሰው፤
አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ።
«የለችም?» ብዬ ጮህኩ ባሌ ላይ፣
«ሃምሳ አራት ደረጃ በቀን አራቴ የምወጣ፣
እኔ የለሁም?»
የመጀመሪያ ጠባችን ነው። ሾርባው ቀዘቀዘ።
እሱ ቃል ሳይመልስ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

ማለዳ ከፈረቃው ሲመለስ (ባቡር ነው የሚነዳ)
የባቡሩን መቀመጫ ቅዳጅ በሚለጥፉበት ነጭ ፕላስተር
በፈረንጅ ፊደል፣ ከሥሩም በኛው፣
ጠመም አድርጎ ጽፎ ለጥፎ ነበር፦
ላይ ዝናቡ። ታች ጥላዬ።
ይቅርታ አላለም። እኔም አልጠየቅኩም።
ፎጣው አልጋ ላይ ነበር።

የአንደኛ ፎቋ ቶርዲስ፣ ውሻዋን ይዛ፣
«ትርጉም አላቸው?» አለች ጽሑፉን እያየች።
በሦስት ወር ቋንቋዬ፣ ጣቴን እየቀሰርኩ፣
«ይሄኛው ዝናቡ ነው፤ ይሄ ደግሞ ጥላዬ» አልኩ።
ሳቀች፣ ሳቀች፣ የደረጃውን ብረት ይዛ እስክትቀር፤
«ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር» አለች፣ «ለዚህ አገር
እንዲህ የሚስማማ በር አላየሁም።»

እኔ ግን ማታ ማታ ወርጄ አያቸዋለሁ፣
ሽማግሌ ሳይላላኩ፣ ጥሎሽ ሳይነጋገሩ፣
በሕይወት ሳይተያዩ
በአንድ ቆርቆሮ ተጠግተው የሚያድሩትን፤
የሱ አባት ከላይ ይዘንባል፣
የኔው ከሥር ይዘረጋል።

ዛሬ የመጀመሪያው ፖስታ ገባ። የስልክ ሒሳብ ነው።
ለጥላዬ ይላል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ይከፈል።
የሰው ሳንቲም ቤቱ አድሮ ለማያውቅ ሰው!
ዕዳ መጣብህ፣ አባዬ፤
እንግዲህ ቤርገን ገባህ ማለት ነው።
በል ውጣ። ደረጃው ሃምሳ አራት ነው።