የቀን ተረኛ

ከዓምናው ጉንፋን ወዲህ አፍንጫዬ ሞቷል፤
ዓሣ ገበያው ዳር ብቆም ምን ይሸታል?
ደንገሉ ሲበሰብስ፣ የባጃጁ ጭስ፣
ከጣና የሚመጣው ነፋስ ብቻ፣ ነፋስ።
ሽሮዬ ሲያርብኝ አጠገቡ ቆሜ፣
በግድግዳ ማዶ ባንችአምላክ ናት እንጂ
«ኧረ አንማው! ኧረ!» ብላ የምትጮህ በስሜ።

ዘንዘልማ ላይ ነው የምጠብቀው በቆሎ፣
የተማሪ ምርምር፣ በሽቦ ተከልሎ።
ዱላ አለኝ፣ ባትሪ አለኝ፣ ፊሽካም ሰጥተውኛል፤
ሌባው ግን አገዳው ውስጥ ተኝቶ ይበላል።

ነሐሴ ነው፣ ማለዳ፣ ካፊያው እንዳባራ፣
ምጥን መጣች፣ ቦቲዋ ጭቃ ጎርሶ።
«ጋሼ፣ የቀን ተረኛውን ላስተዋውቅህ» አለችኝ።
ጣቷን ተከትዬ ባይ
የኑግ ፍሬ እኩሌታ የማትሞላ ተርብ።
ዱላዬን አየሁና ሳቅሁ።

«በቆሎ አፍ የለው፣ ቢነክሱት አይጮህ፤
ግን ትሉ ሲያኝከው፣ ምራቁ ሲነካው፣
ከቅጠሉ ሌላ ጠረን ነው የሚወጣው።
ለእሷ ጥሪ ነው።»
«በዚያች አፍንጫዋ ይህን ሁሉ?»
«አፍንጫ የላትም፣ ጋሼ። በቀንዷ ነው።»

አፍንጫ የላትም!
ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ተነሳች። ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛ፣
ወደ ግራ ሸርተት፣ ወደ ቀኝ ዞር፣
ጠፋባት፤ ተመለሰች፤
ከእበቱ፣ ከናፍጣው፣ ከዓሣው፣ ከረጠበው አፈር፣
እኔ ከተነጠቅሁት ከዚያ ሁሉ መሃል
አንዲት ክር መዘዘች።
እሸቱ ገና ሳይሸት ለእሷ ሸተታት።
አገዳው ላይ አረፈች፣ ቀዳዳውን ዳሰሰች፣
ገባች።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ምጥን አገዳውን ሰነጠቀችው።
ትሉ ገና ይነቃነቃል፤
ጎኑን ቀደው የወጡ ነጫጭ ጎጆዎች፣
ልክ እንደ ፎገራ ሩዝ፣ ጀርባው ላይ ተደርድረው።
ሲበላ ነበር፤ ሲበላ አየሁት።
(አንዱን አላልተህ፣ አንዱን አጥብቀህ አንብበው።)
በቆሎው፦ አዳኝ መጣልኝ፤
ትሉ፦ አዳኝ መጣብኝ፤
እሷ ግን ለማንም ብላ አልመጣችም፤
ተርብ ናት፣ ተርባ ነው፣
የልጆቿን ራብ በሆዷ ተሸክማ።

በማግስቱ ተረኛ አልነበርኩም።
አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ቆርቆሮ ስቆጥር፣ መሸ።
ውስጥ ውስጡን የሚበላኝ ነገር፣ አልኩ፣
ጠረን ይኖረው ይሆን?

በሩ ተንኳኳ።
ባንችአምላክ ናት፣ በሳህን ላይ ሳህን ደፍታ፤
«ዛሬ ምንም ሲያር አልሸተተኝም» አለች፣
«ደህና ነህ?»